ከስንዝር ያነሰች ዱላ

በአገራችን መንገደኛ ዱላ ይዞ ይወጣል። ውሻ ቢመጣ ይከላከልበታል። ወንዝ ሲሻገር ይመረኮዘዋል። በአሜሪካ አገር፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ግን ረጅም ዱላ ተሸክሞ አውቶቡስ መሳፈር አይመችም። ስለዚህ እዚያ ከስንዝር ያነሰች፣ ከቁልፍ ጋር የምትንጠለጠል ዱላ ወጣች። ኩቦታን ትባላለች።

ስሟን ያገኘችው ከፈጠሯት ሰው ነው። እሳቸውም የጃፓን ተወላጁ የካራቴ መምህር ታካዩኪ ኩቦታ ናቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ የሎስ አንጀለስ ሴት ፖሊሶችን በዚህች ዱላ አሠለጠኑ።

ርዝመቷ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ውፍረቷ እንደ ትንሽ ጣት ነው። የምትሠራው ከጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ጫፏ ዱልዱም ነው።

ታዲያ ምን ትጠቅማለች? እስቲ ወስፌን አስቡ። ቆዳ በአውራ ጣት ቢጫኑት አይበሳም፤ በወስፌ ግን ይበሳል። የእጁ ጉልበት ያው ነው፤ ያረፈበት ቦታ ነው የጠበበው። ኩቦታንም እንደዚሁ ናት። አትበሳም እንጂ ታሳምማለች። አንድ ክፉ ሰው የሴትን እጅ ጨምድዶ ቢይዝ፣ እሷ የዱላዋን ጫፍ በእጁ አንጓ አጥንት ላይ ትጫነዋለች። እዚያ ቦታ ላይ ሥጋው ስስ ነው። ክፉኛ ያማል። ጣቶቹ ይላላሉ። ያን ጊዜ እጇን አስለቅቃ እየጮኸች ትሮጣለች።

ልብ በሉ፤ ትሮጣለች እንጂ አትደባደብም። ቆማ ልምታው ካለች ጉልበተኛው ዱላዋን ይቀማታል። ደግሞም ሳይለማመዱ መያዝ ዋጋ የለውም። ቦርሳ ውስጥ ስትፈለግ ጊዜው ያልፋል። በእጅ መሆን አለባት።

ዛሬ ዛሬ ነጋዴዎች ጆሮዋ የሾለ የድመት ራስ የመሰለ ቁልፍ መያዣም ይሸጣሉ። ጣት አስገብተው የሚወጉበት ነው። ይህን እኛ አልወደድነውም። መጫወቻ ይመስላል፤ ግን ያቆስላል። በአንዳንድ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ይዞ መገኘት ያስከስሳል።

ከቁልፋቸው ጋር ፊሽካ የሚያንጠለጥሉም አሉ። ይህ ይሻላል እንላለን። በገጠር አንዲት ሴት ኡኡ ካለች ጎረቤት ይደርስላታል። በትልቅ ከተማ ግን በሩ ዝግ ነው፤ የመኪናው ጩኸት ድምፅ ይውጣል። ፊሽካ ሩቅ ይሰማል።

ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ኩቦታን ላምጣላችሁ ቢል፣ በእጁ ይዞ አውሮፕላን ላይ እንዳይወጣ ንገሩት። ፈታሾቹ ይወስዱበታል። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያስቀምጣት።