ከኳስ ቀድሞ የሚሄድ ዓይን

በሜዳችን ዳር ቆመን የፍጹም ቅጣት ምት ስንመለከት፣ ኳሷ በረኛው ሳይነካት የገባች እንደ ሆነ «ምነው ተኛ!» እያልን እንጮኻለን። ሒሳቡ ግን ለበረኛው ይፈርድለታል። ኳሷ የምትመታው ከግቡ በ11 ሜትር ርቀት ነው፤ በብርቱ ከተመታች ይህን መንገድ በግማሽ ሴኮንድ ያህል ትጨርሰዋለች። ዓይን አይቶ፣ አእምሮ ፈርዶ፣ ጡንቻ እስኪነሣ ድረስ ደግሞ 0.2 ሴኮንድ ግድም ያልፋል። በቀረችው ቅጽበት ወርዱ 7.32 ሜትር ከሆነው ግብ አንዱን ማዕዘን መድረስ አለበት። እንግዲህ በረኛው ኳሷ የምትሄድበትን ሳትነሣ ማወቅ ግድ ይሆንበታል ማለት ነው።

ከምን ያውቀዋል? ሳቨልስበርግና ባልደረቦቹ በ2002 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ባወጡት ጥናት የበረኞችን ዓይን በመሣሪያ ተከታትለው ነበር። ጀማሪዎቹ የመቺውን ደረት፣ ክንድና ዳሌ ሲያዩ፣ የሠለጠኑት ግን ምቱ ሲቃረብ ዓይናቸውን በሚመታው እግር፣ መሬት በረገጠው እግርና በኳሷ አካባቢ ላይ ተክለው ተገኙ። ዓይናቸውም ወዲያና ወዲህ አይንከራተትም፤ በጥቂት ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ ያርፋል።

በእኛ አገር እምብዛም በማይዘወተረው በክሪኬት የታየው ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ላንድና ማክሊዮድ በ2000 እንዳሳዩት፣ መቺው ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ስትወጣ ያያትና ወዲያው ይተዋታል፤ ዓይኑን አሻግሮ መሬት ነክታ በምትነጥርበት ስፍራ ላይ ቀድሞ ይጠብቃታል። ከተጠኑት ሦስት መቺዎች ጎበዙ ይህን ዝላይ ቀደም ብሎ ይዘል ነበር። «ዓይንህን ከኳሷ አትንቀል» የሚለው የአሠልጣኞች ምክር እንግዲህ ግማሹ ብቻ ነው እውነት።

ይህ ቀድሞ የማየት ኃይል በጨቅላነት ይጀምራል። ሕፃን ገና በአራትና በአምስት ወሩ መካከል፣ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ለመያዝ እጁን የሚሰደው አሁን ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ነው። በእርጅና ጊዜ ደግሞ ዓይን የሚሮጥን ነገር መከተል ይከብደዋል፤ እግርም ይዘገያል።

ጭንቁ ያለው በመንገድ ላይ ነው። ወደ እኛ ቀጥ ብሎ የሚመጣ መኪና ወደ ጎን አይሄድም፤ ምስሉ ብቻ ቀስ በቀስ ይሰፋል። ሊደርስ 4 ሴኮንድ ሲቀረው፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳው 33 ሜትር፣ 60 የሚነዳው ግን 67 ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ የፈጣኑ ምስል በዝግታ ይሰፋል፤ ፈጣኑ የቆመ ይመስላል! ዋንና ባልደረቦቹ በ2011 እንዳወጡት፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ዓይን በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ የሚመጣን መኪና መቅረብ በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት አይችልም፤ የአዋቂዎች ዓይን ግን ይህን ያህል አይታለልም።

ስለዚህ ሾፌሩ «ልጁ እያየኝ ገባ» ሲል ውሸት ላይሆን ይችላል። ልጁ መኪናውን አይቷል፤ እዚያው ሩቅ ቦታ እንደ ቆመ አድርጎ።