የሌለ ጎረቤት ዝምታ፦ የጋራ የወሰን ግንብ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን

በከተማ ቦታ የቆርቆሮ አጥሩን አንሥቶ በብሎኬት ግንብ ሊተካ የተነሣ ባለይዞታ፣ ግንቡ በወሰኑ ላይ የሚቆም ከሆነ የጎረቤቱን ፈቃድ ይፈልጋል። ጎረቤቱ በቦታው ካለ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ በቡና ላይ ያልቃል፤ ወጪው ለሁለት ይከፈላል፤ ካልተስማሙም ሽማግሌ ይገባበታል። ጎረቤቱ በውጭ አገር የሚኖርና ቦታውን በዘበኛ ወይም በዘመድ የሚያስጠብቅ ሲሆን ግን የሚጠየቅ ሰው ይታጣል። ደብዳቤ መልስ አያገኝም፤ ዘበኛውም የማውቀው የለም ይላል። ይህ ዝምታ በሕግ ፊት ምን ዋጋ አለው? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ አንድ ወጥ መልስ አይሰጥም፤ በአንድ ስፍራ ዝምታን ከቁጥር አያስገባውም፣ በሌላ ስፍራ ደግሞ የመብት ምንጭ ያደርገዋል።

አስቀድሞ ሁለት ቃላትን መለየት ይገባል። አንደኛው «የሌለ» የሚለው ነው። ሕጉ በአንቀጽ 154 ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲወሰን መጠየቅ እንደሚቻል ይደነግጋል። በውጭ አገር የሚኖርና ለዘመዶቹ በየበዓሉ የሚደውል ሰው ግን በዚህ ትርጉም ጠፋ አይባልም፤ ስለዚህ ያ መንገድ ለግንብ ጉዳይ ዝግ ነው። ሁለተኛው «ባለመሬት» የሚለው ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ካደረገ በኋላ፣ በወሰን ላይ የሚገናኙት ሁለት ባለይዞታዎች እንጂ ሁለት ባለመሬቶች አይደሉም። ይህ ልዩነት ከዚህ በታች ክብደት ይኖረዋል።

በውል ሕግ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው። በአንቀጽ 1682 መሠረት ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም። «በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልመለሱ እንደተስማሙ እቆጥራለሁ» የሚለው የተለመደ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጎረቤቱን የወጪው ተካፋይ አያደርገውም። ደብዳቤው ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም፤ የጻፈው ሰው በቅን ልቦና መነሣቱን የሚያሳይ ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል።

አንቀጽ 1178 እና 1179 ሲነበቡ መልኩ ይለወጣል። ሕጉ የባለመሬቱን ተቃውሞ ጥሶ የሠራውን፣ ተቃውሞ ሳይቀርብበት ከሠራው ይለያል፤ ለኋለኛው የሕንፃውን ባለሀብትነት ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ዝም ያለ ሰው አልተቃወመም። ግንቡ ወሰን አልፎ ወደ ጎረቤት ይዞታ ቢገባ፣ የሠራው ሰው በዚህ ድንጋጌ ሊከራከር ይሞክራል ማለት ነው። ክርክሩ ግን ጠንካራ አይመስልም። ድንጋጌው መሬት በግል ይያዝ በነበረበት ዘመን የተጻፈ ነው፤ የአጥር ግንብ «ሕንፃ» መባሉም ራሱ ያከራክራል። ከሁሉም በላይ ግንባታውን ሊያውቅ ያልቻለን ሰው «አልተቃወመም» ማለት የቃሉን ትርጉም ያጎድላል፤ መቃወም የሚችለው ያወቀ ነው። በዚህ አንቀጽ ተማምኖ ወሰን የሚገፋ ሰው፣ ጎረቤቱ ተመልሶ በአንቀጽ 1149 የሁከት ይወገድልኝ ክስ ሲያቀርብበት ግንቡን ሊያጣ ይችላል።

በተግባር ብዙው ችግር የሚፈጠረው በወኪል በኩል ነው። ቦታውን የሚጠብቀው ዘመድ ብዙ ጊዜ በኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና በእጁ አለ። ይሁን እንጂ ውክልና ሁሉ አንድ አይደለም። በአንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ይፈቅዳል፤ የተጎዳ አጥር ማስጠገን ከዚህ ይመደባል። አንቀጽ 2205 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለማስተላለፍ፣ ለመታረቅ፣ ለመክሰስና ክስ ለመከላከል ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ ዘመድየው «ወሰኑ ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ድንጋይ ነው» ብሎ ቢፈርም፣ ያ ፊርማ ስለ ወሰኑ የተደረገ እርቅ ነው፤ ጠቅላላ ውክልና አይበቃውም። በአሮጌው መስመር ላይ አዲስ ግንብ በጋራ ለማሠራት መስማማትስ? ይህ በሁለቱ መካከል የሚዋልል ነው፤ ጠንቃቃ ሰው «የወሰን ግንብ በጋራ ለማሠራትና ወጪ ለመጋራት» የሚል ቃል በውክልናው እንዲገባ ይጠይቃል። አንድ መስመር መጨመር በኤምባሲ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው፤ በፍርድ ቤት የሚያድነው ግን ዓመታትን ነው።

ወኪል ጨርሶ ከሌለስ? ሕጉ ከአንቀጽ 2257 ጀምሮ ሳይወከሉ የሌላን ሰው ጉዳይ ስለማስተዳደር ይናገራል። የባለጉዳዩ ጥቅም ሥራው እንዲጀመር የሚያስገድድ ሆኖ ከተገኘ፣ ባለጉዳዩ ሥራውን ማጽደቅና ወጪውን መተካት ይኖርበታል። በክረምት ዝናብ የተሰነጠቀ የአፈር መደገፊያ ግንብ ለሁለቱም ግቢ የሚያሰጋ ከሆነ፣ ጠግኖ ድርሻን መጠየቅ በዚህ ሥር ይገባል፤ ሠሪው ግን ጎረቤቱን በተቻለው ፍጥነት ማሳወቅ አለበት። ግቢው ከመንገድ እንዳይታይ ወይም ለውበት የሚሠራ አዲስ ግንብ ግን የሠሪው ጉዳይ እንጂ የጎረቤቱ አይደለም።

በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው የ1996 (እ.ኤ.አ.) የወሰን ግንብ ሕግ ይህን ሁሉ በሌላ መንገድ ይፈታዋል። በዚያ ሕግ ዝምታ ፈቃድ አይደለም፤ ሥራን ለዘላለም የሚያግድም አይደለም። አዲስ ግንብ በወሰኑ መስመር ላይ ለማቆም የፈለገ ሰው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ጎረቤቱ በ14 ቀን ውስጥ ካልፈቀደ ግንቡ ሙሉ በሙሉ በሠሪው መሬት ላይ፣ በራሱ ወጪ ይቆማል። ባለው የጋራ ግንብ ላይ በሚደረግ ሥራ ግን የ14 ቀን ዝምታ እንደ አለመግባባት ይቆጠርና ጉዳዩ ወደ ቀያሾች ይመራል፤ ጎረቤቱ ቀያሽ ካልሰየመ ሠሪው በእርሱ ምትክ ይሰይምለታል። ባለቤቱ ካልተገኘ ማስታወቂያው «ለባለቤቱ» ተብሎ በቦታው ጉልህ ስፍራ ሊለጠፍ ይችላል። የዚህ ሕግ ብልሃት ዝምታን ወደ ሥርዓት መለወጡ ነው፤ ለዝምተኛው የሚናገርለት ባለሙያ ያቆምለታል።

ተመሳሳይ ሥርዓት በሌለበት፣ ፈቃድ ያላገኘ ባለይዞታ አስተማማኙ መንገድ በራሱ ወሰን ውስጥ መሥራት ነው። ይህ ዋጋ አለው። መደበኛው ብሎኬት 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ግንቡ በመስመሩ ላይ ቢቆም እያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ያወጣ ነበር፣ አሁን ሙሉው ከአንዱ ይሄዳል። መሠረቱም በአንድ በኩል ብቻ ስለሚሰፋ ጭነቱ ከመካከል ይርቃል፤ ተጨማሪ ብረትና ኮንክሪት ይጠይቃል። የእንግሊዙ ሕግ መሠረቱ ከመሬት በታች ወደ ጎረቤት እንዲዘልቅ የሚፈቅደው ለዚህ ነው። የወሰኑን መስመር በተመለከተ፣ ይዞታው ተረጋግጦ በካዳስተር ከተመዘገበ፣ ቀያሽ ጎረቤቱ ባይኖርም መስመሩን በመለኪያ ነጥቦቹ መልሶ ሊያሳይ ይችላል፤ ካልተመዘገበ ከሥራው በፊት ምዝገባውን መጠየቅ ይሻላል። ጎረቤቱ ኋላ ተመልሶ ግንቡን በግማሽ ዋጋ የጋራ ለማድረግ ቢፈልግ፣ ስምምነቱ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ስለሚነካ በአንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ ይኖርበታል፤ የሠሪው የወጪ ደረሰኞችና ከሥራው በፊት የተነሡ ፎቶግራፎች ያን ጊዜ ዋጋውን ለመተመን ይፈለጋሉ።