ጥበብ፦ ዕውቀትም፣ ሙያም፣ ጥለትም

«ጥበብ» በአማርኛ ሰፊ ትርጉም ከያዙ ቃላት አንዱ ሲሆን፣ ማስተዋልንም የእጅ ሙያንም ያመለክታል። መሠረቱ «ብልህ ሆነ፣ ዐወቀ» የሚል ፍቺ ያለው የግእዙ «ጠበበ» ነው፤ የ«ሰፋ» ተቃራኒ የሆነው የአማርኛው «ጠበበ» ግን ከግእዙ «ጸበበ» የመጣ በመሆኑ ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። እንግሊዝኛ «ዊዝደም» እና «አርት» ብሎ የሚለያቸውን ሐሳቦች አማርኛ በአንድ ቃል ስለሚጠራቸው፣ መጽሐፈ ጥበብ የሰሎሞን ምክር የሚነበብበት፣ ሥነ ጥበብ ደግሞ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የሚታቀፉበት መጠሪያ ሆነዋል።

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ግርጌ ባለው ሽሮ ሜዳ፣ ቃሉ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ስም ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች፣ በተለይም ዶርዜዎች፣ ሙያቸውን ባስፋፉበት በዚህ ሰፈር ጥበብ የሚባለው በነጠላና በሐበሻ ቀሚስ ጠርዝ ላይ በቀለም ክር የሚሠራው ጌጥ፣ ማለትም ጥለት ነው። ሸማኔው እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ሲቀመጥ፣ በቁመት የተወጠረው ክር ድር፣ በአግድም የሚገባው ማግ ይባላል። ጥለት የሌለው የጨርቁ ክፍል ሲሠራ ማጉ በመወርወሪያ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል፤ ጥበቡ ላይ ሲደረስ ግን ሸማኔው መወርወሪያውን ገታ አድርጎ ድሩን በጣቱ እየቈጠረ የቀለሙን ክር በመረጣቸው ክሮች መካከል ያሳልፋል፣ ቀጥሎም ተራ ማግ ወርውሮ ያጠብቀዋል። መስቀሉም ሆነ ሌላው ቅርጽ የሚወጣው ከዚህ ቈጠራ ስለሆነ፣ አንዲት ክር ብትዘለል ስሕተቱ ከጥለቱ ላይ ይታያል።

ከግእዙ «ጠበበ» የወጣው «ጠቢብ» ድምፁ ተለውጦ «ጠይብ» ሲሆን የእጅ ባለሙያ መጠሪያ ቢሆንም፣ አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪው በተናቁበት ዘመን ስሙ መሰደቢያ ሆኖ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። የሽሮ ሜዳው አጠራር የዚያን ንቀት ሐሰትነት የሚመሰክር ነው፤ በቈጠራና በማስተዋል የተሠራን ጌጥ ጥበብ ብሎ የሚለብስ ሕዝብ፣ ሠሪውንም በሙሉ ክብሩ ጠቢብ ሊለው ይገባል።