በውስን ካፒታል የብየዳ ማሽን ሲገዛ ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች
ደብረ ታቦር፦ በደብረ ታቦርና አካባቢዋ በር፣ መስኮትና አጥር ለመሥራት በውስን ካፒታል የሚቋቋም የብረታ ብረት ወርክሾፕ ከፕላዝማ መቁረጫ ይልቅ ለብየዳ ማሽን ቅድሚያ ቢሰጥ ይጠቀማል።

የፕላዝማ መቁረጫ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ኃይልና በታመቀ ደረቅ አየር በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፕሬሰር ለብቻው መግዛትን ይጠይቃል። ቀጭን ብረትን ግን በመቁረጫ ዲስክ መቁረጥ ይቻላል።

ባለ 220 ቮልት ኢንቨርተር ብየዳ ከነባሩ ባለትራንስፎርመር ማሽን በክብደት የቀለለ ሲሆን፣ ከመስመር የሚወስደው ኃይልም አነስተኛ ነው።

ይሁን እንጂ የብየዳ ማሽኖች ዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጠው እስከ 1 ሺህ ሜትር ከፍታ ላለው አካባቢ ነው። ደብረ ታቦር የምትገኘው ከ2 ሺህ 600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በከፍታ ቦታ የሳሳ አየር ማሽኑን በሚገባ ስለማያቀዝቅዝ፣ በየ10 ደቂቃው 6 ደቂቃ እንዲበይድ የተሠራ ማሽን ተጨማሪ ዕረፍት ያስፈልገዋል።

በመሆኑም በ100 አምፔር ለሚሠራ ሥራ የ160 አምፔር ማሽን መምረጥ በብዙ ድካም የተጠራቀመን ገንዘብ ከብክነት ያድናል።