መዝሙሩ ይጮኻል፣ ስብከቱ አይሰማም፦ የስርጭት ድምፅን በኮምፒውተር ማስተካከል

በኮልፌ ቀራንዮ ከአየር ጤና እስከ ቤተል ባሉ አጥቢያዎች እንደሚታየው፣ የእሁድ አምልኮ ዛሬ በአዳራሹ ግድግዳ አይወሰንም። የታመሙ እናት ከአልጋቸው ሆነው፣ በሰው አገር የምትሠራ እህትም በስልኳ ይከታተላሉ። ታዲያ ብዙዎች የሚያነሡት አንድ ቅሬታ አለ፤ መዝሙሩ ሲጀመር ጆሮ ይቆርጣል፣ ሰባኪው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ ቃሉ አይሰማም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በአዳራሽ ውስጥ ከበሮው ያለ ማጉያም ይሰማል፤ ስለዚህ የድምፅ ባለሙያው በሚክሰሩ የሚጨምረው የጎደለውን ብቻ ነው። ወደ ስርጭቱ የሚሄደው ግን በማይክራፎንና በሚክሰር ያለፈው ብቻ ነው። በመሆኑም ለስርጭቱ ከሚክሰሩ የተለየ መውጫ ማዘጋጀት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አማካይነት በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ፣ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ እስኪወረስ ድረስ፣ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ጉልበት ባላቸው 2 የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ይጠቀም ነበር። ነገር ግን ማሰራጫ ምንም ያህል ኃይል ቢኖረው፣ ከስቱዲዮ የሚወጣው ንግግር ደካማ ከሆነ በሞገዱ ጫጫታ ይዋጣል። ለዚህም ነው ሬዲዮ ጣቢያዎች የድምፅን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርብ መሣሪያ በማሰራጫው ፊት የሚያስቀምጡት። ኦርባን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ኦፕቲሞድ 8000 ከእነዚህ ታዋቂው ነው። የኋለኞቹ ኦፕቲሞዶች በኔትወርክ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝተው በሶፍትዌር ይታዘዛሉ።

ይህን ውድ መሣሪያ መግዛት ለማይችል አጥቢያ ግን በነፃ የሚገኘው ኦቢኤስ ስቱዲዮ ዋናውን ሥራ ይሠራል። በድምፁ ምንጭ ላይ «ፊልተርስ» የሚለውን ከፍታችሁ በመጀመሪያ ኮምፕሬሰር፣ በመጨረሻ ሊሚተር ጨምሩ። ፊልተሮቹ የሚሠሩት በተደረደሩበት ቅደም ተከተል ነው።

ኮምፕሬሰሩን በ3 ለ 1 ምጣኔ፣ መነሻውን ከዜሮ በታች 18 ዴሲቤል አድርጋችሁ ጀምሩ። ድምፁ ከዚያ ሲያልፍ ለእያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ጭማሪ 1 ብቻ ያሳልፋል። ከፍተኛው ዝቅ ካለ በኋላ አጠቃላዩን በጥቂቱ ከፍ ስታደርጉ የሰባኪው ለስላሳ ንግግር ይወጣል። ሊሚተሩ ደግሞ አጥር ነው፤ ከዜሮ በታች 2 ዴሲቤል ላይ ብታቆሙት ድንገተኛ እልልታ ድምፁን አያሻክረውም።

ውጤቱን በዓይን ግምት አትለኩ። ጆሮ የሚሰማው አማካይ ጉልበት የሚለካው ሉፍስ በሚባል አሃድ ነው። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ለጣቢያዎች ያወጣው መለኪያ ከዜሮ በታች 23 ሉፍስ ነው። ዩቲዩብ ደግሞ በተለምዶ ከዜሮ በታች 14 ሉፍስ ያለፈውን ቪዲዮ ሲያጫውት ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ከልክ በላይ ማስጮህ ትርፍ የለውም።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ኮምፕሬሰር ሲበዛ ሰባኪው ዝም ባለ ቁጥር የጄነሬተሩና የአየር ማራገቢያው ድምፅ ከኋላ ይነሣል፤ መዝሙሩም ሕይወት ያጣል። ማስተካከያውን በአምልኮ መካከል ሳይሆን በሳምንቱ ቀናት፣ ባለፈው እሁድ ቅጂ ላይ ሞክሩ። የተስማማችሁበትንም ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡ። መሣሪያው በኔትወርክ የሚታዘዝ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ከተመደቡት አገልጋዮች ውጪ ለማንም አትስጡ።

በመጨረሻም በውድ ማዳመጫ ብቻ አትፍረዱ። በርካሽ ስልክ ስፒከር ክፈቱትና ከስብከት እስከ መዝሙር ድምፁን ሳትነኩ አዳምጡ። አልጋ ላይ ያሉት እናት የሚሰሙት በእርሱ ነውና። ጌታ አገልግሎታችሁን ይባርክ።