ከሞተር ጀርባ የተሸሸገው ማኒኮቶ

ዋጋው ከሁሉ ያነሰው ዕቃ ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ አለ። በአሮጌ ላንድ ክሩዘር ሞተር ጀርባ የሚገኘው አጭር የጎማ ቱቦ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። መካኒኮች ከጣልያንኛ በወረሱት ቃል ማኒኮቶ የሚሉት ይህ ዕቃ የሞተሩን ውኃ ወደ መኪናው ማሞቂያ ከሚያመላልሱት ቱቦዎች አንዱ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከሰው መዳፍ የሚበልጥ አይደለም። ይሁን እንጂ የተቀመጠው እጅ በማይደርስበትና ዓይን በማያየው ስፍራ ስለሆነ፣ ባለ መኪናው ሳያስታውሰው፣ መካኒኩ ሳይነካው፣ ባለ ሱቁም «ማን ይጠይቀዋል» ብሎ ሳያስመጣው ዓመታት ያልፋሉ። የሚታወሰው መኪናው ከመንገድ ዳር ቆሞ እንፋሎት ሲተፋ ነው።

ጉዳዩ በንግድ ላይ ያሉትን ሰዎች ከወትሮው ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባበት ምክንያት አለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ብር በዶላር አንጻር የነበረው ዋጋ በብዙ ቀነሰ። እንግዲህ አሮጌውን መኪና በሌላ የናፍጣ መኪና መተካት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም፤ ሙሉ ሞተር ከውጭ ማስመጣትም ከባድ ወጪ ሆኗል። ያለውን ጠብቆ ማኖር የግድ ነው፤ ለዚህም መለዋወጫው ዕቃ ጉዳት ሳይደርስ አስቀድሞ በሱቅ መገኘት አለበት።

80 ተብሎ የሚጠራው ላንድ ክሩዘር በጃፓን አገር የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1997 ባለው ጊዜ ነው። ከ1992 ጀምሮ የገባለት 4.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ረጅም ሞተር በመሆኑ፣ የኋለኛው ጫፉ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየውን ግድግዳ ሊነካ ጥቂት ይቀረዋል። ያ አጭር ቱቦ የተቀመጠው በዚህ ጠባብ ስፍራ ነው፤ አሜሪካውያን ባለ መኪናዎች «አስቸጋሪው የማሞቂያ ቱቦ» የሚል ቅጽል እስከማውጣት ደርሰዋል። እርሱን ተከትሎ በመጣው በ100 ዓይነት የስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ላይ ደግሞ ችግሩ መልኩን ለውጧል፤ በማሞቂያው ቱቦዎች መካከል የገቡት የፕላስቲክ መገናኛዎች በሙቀት ብዛት ደርቀው እንደ ብስኩት ይሰባበራሉ። በኢትዮጵያ ይበልጥ የሚታወቀው 4.2 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር የቱቦዎቹ አቀማመጥ ከእነዚህ ቢለይም፣ የማሞቂያው ቱቦዎች ወደዚያው ግድግዳ የሚሄዱ ስለሆኑ ከዚህ በታች የሚነገረው ለእርሱም ይሠራል።

በደጋ አገር ነገሩ የሚከፋው በከፍታው ምክንያት ነው። ውኃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። የሞተር ቴርሞስታት አብዛኛውን ጊዜ መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ስለዚህ ሞተሩ በደኅናው ጊዜ የሚሠራበት ሙቀትና ውኃው የሚፈላበት ሙቀት እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። ሁለቱን አራርቆ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ክዳኑ በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት አምቆ ሲይዝ፣ የመፍያው ሙቀት በአዲስ አበባም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ቱቦው በመርፌ ቀዳዳ ያህል እንኳ ቢሰነጠቅ ግን ግፊቱ ይተነፍሳል፤ ግፊቱ ሲተነፍስ እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ጸጥ ብሎ የነበረው ውኃ በአንድ ጊዜ ይፈላል። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከ1000 ሜትር በላይ የሆነውን ዳገት በከባድ ማርሽ ይወጣልና፣ ደካማ ቱቦ ራሱን የሚገልጠው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው።

በሙቀት መለኪያው መተማመንም ልክ አለው። የዚህ መኪና መለኪያ መርፌ ሙቀቱ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ዝቅ ቢል ከመካከል እንዳይነቃነቅ ሆኖ የተሠራ ነው፤ መርፌው ተነሣ ማለት ችግሩ ብዙ ተራምዷል ማለት ነው። ይባስ ብሎም ውኃው ፈስሶ ካለቀና የመለኪያው ጫፍ በባዶ ከቀረ፣ ሞተሩ እየነደደ መርፌው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ሾፌሩ ነገሩን የሚያውቀው ከኮፋኖው ሥር እንፋሎት ሲወጣ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከአሉሚኒየም የተሠራው ቴስታታ ተጣሞ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ቴስታታው ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ እስኪላግ፣ ጓርኒሲዮኑም ከውጭ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ከሥራ ይውላል፤ የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ መዳፍ የማይሞላ ጎማ ነው።

ቱቦው ያረጀ መሆኑን ማወቅ ከውጭ በማየት ብቻ አይሆንም። ብዙዎቹ ቱቦዎች ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ይህ ጎማ ሙቀትን በደንብ ይችላል፤ ዘይት ግን ያሳብጠዋል፣ ያላሽቀዋልም። ከዚህም ሌላ ልዩ ልዩ ብረቶች በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ደካማ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ በዚህ ምክንያት ጎማው ወደ ጫፎቹ አካባቢ ከውስጥ በኩል በቀጭን በቀጭኑ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ቱቦውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፉ አጠገብ ጫን አድርጎ ከመካከሉ ጋር ማመሳከር ይጠቅማል፤ ጫፉ ከመካከሉ ይልቅ የላላ ከሆነ ጊዜው አልፏል። እጅ ወደማይደርስበት ቱቦ ሲመጣ ግን ብልህ መካኒክ የሚፈርደው በወንድሞቹ ነው፤ የሚታዩት ካረጁ የማይታየውም አርጅቷል። ከሞተሩ ጀርባ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ በማርሽ ሳጥኑ መጋጠሚያ ላይ ስለሚወርድ ብዙ ጊዜ በሌላ ነገር ይሳበባል። ጣፋጭ የሚመስል ሽታ፣ የደረቀ ነጭ ወይም ሐምራዊ ቅርፊት፣ በመጠባበቂያው ዕቃ ውስጥ በየሳምንቱ የሚጎድል ውኃ ከታየ ግን ክርክሩ አብቅቷል።

ሥራው ራሱ ትዕግሥት እንጂ ልዩ ጥበብ አይጠይቅም። ሞተሩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑ አይከፈትም። ፈሳሹ በንጹሕ ዕቃ ይቀዳል፤ ሲቀመስ ይጣፍጣል፣ መርዝም ነውና ሕፃናትና ውሾች በሚደርሱበት ስፍራ መተው አይገባም። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። አንዳንዱ የላይኛውን የአየር ማስገቢያ ክፍል ፈትቶ ከላይ ይደርሳል፤ ይህ ጊዜ ቢፈጅም አካባቢውን ሁሉ ስለሚገልጥ የሚመረጥ ነው። ሌላው ከሥር እጁን አስገብቶ በዳበሳ ይሠራል፤ ለዚህ በረጅም ሽቦ የሚሳብ ፒንሳ ያስፈልጋል። የተጣበቀውን ቱቦ በጉልበት መጠምዘዝ ከጎማው ይልቅ የብረቱን ቧንቧ ስለሚጎዳ፣ አሮጌውን ቱቦ ቧንቧውን ሳይነኩ በርዝመቱ መሠንጠቅ ይሻላል። ቧንቧው ከዝገትና ከቅርፊት ይጸዳል፤ የአዲሱ ቱቦ ውስጥ በዚያው በኩላንት ይረጥባል እንጂ ዘይት ወይም ግራሶ አይቀባም። ፋሼታው ሲገባ ጆሮዎቹ ፒንሳ ወደሚደርስበት አቅጣጫ መዞራቸውን ማስተዋል ይገባል፤ ይህን የዘነጋ ሰው ወደፊት ሌላውን መካኒክ ያስለቅሳል። ፈሳሹ ሲሞላ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ወደ ሙቅ ይዞራል፣ መኪናውም አፍንጫውን ወደ ዳገት አድርጎ ይቆማል፤ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ አየሩ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩ ሳይነዳ ይሠራል። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ መጠኑን እንደገና ማየት የግድ ነው።

አንድ ጊዜ ይህን ያህል የተፈታ ሞተር አንድ ቱቦ ብቻ ተለውጦለት መዘጋት የለበትም። ድካሙ አንድ ነውና፣ በአካባቢው ያሉት ቱቦዎች፣ ፋሼታዎች፣ ቴርሞስታቱና የራዲያተሩ ክዳን አብረው መለወጥ አለባቸው። የነጋዴው ዕድል ያለው እዚህ ላይ ነው። በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ስፍራ ገዢው ከአንዱ ሱቅ ቱቦ፣ ከሌላው ፋሼታ፣ ከሦስተኛው ጓርኒሲዮን ሲፈልግ ቀኑ ይመሻል። ለአንድ ዓይነት ሞተር የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ካርቶን አዘጋጅቶ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ግን ለመካኒኩ አንድ የሥራ ቀን ያተርፍለታል፤ ለዚህም ጥቂት ተጨማሪ ዋጋ ቢጠይቅ የሚያጉረመርም አይኖርም።

ከፈራረሰ መኪና ላይ የወጣ የብረት ዕቃ ተመርምሮ ቢሸጥ ነውር የለበትም። አሮጌ ማኒኮቶ አጥቦና ወልውሎ መሸጥ ግን የሰውን ሞተር አሳልፎ መሸጥ ነው። አዲስ ነው የተባለውም መፈተሽ አለበት፤ ካርቶኑ ማስረጃ አይሆንም። በተቆረጠው ጫፍ ላይ የግድግዳው ውፍረት ዙሪያውን እኩል መሆኑ፣ በጎማው መካከልም የክር ማጠናከሪያው መታየቱ ይመረመራል። በቅርጽ የተሠራውን ቱቦ ቀጥ ባለ ቱቦ ጎንብሶ መተካት የተለመደ ቢሆንም፣ መታጠፊያው ላይ ተጨምቆ ውኃውን ስለሚያንቅ የሚመከር አይደለም። ስለ ሲሊኮን ቱቦም ብዙ ይወራል፤ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ነገር ግን ጥርሱ ጎማውን የሚቆርጥ ተራ ፋሼታ አይስማማውም። የኩላንትንም ጉዳይ በቀለም ብቻ መወሰን ስሕተት ነው፤ ቀለሙ በየፋብሪካው ይለያያልና የሚነበበው በጣሳው ላይ የተጻፈው ነው፤ የሚቀላቀለውም ከተጣራ ውኃ ጋር ነው።

አስመጪው በዓይን ግምት ከማዘዝ ይልቅ በዕቃ ቁጥር ቢያዝ ከብዙ ኪሳራ ይድናል። የቶዮታ ቁጥር አምስት አምስት ሆኖ በሁለት የተከፈለ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት፣ የቀሩት ለየትኛው ሞተርና አሠራር እንደሆነ ይነግራሉ። ለምሳሌ 16571 የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ፣ 16572 ደግሞ የታችኛው ነው። ገዢው የሻሲውን ቁጥር ይዞ ቢመጣ ስሕተት አይኖርም። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ80 እጅግ ለሚያረጀው ለ40 ላንድ ክሩዘር መለዋወጫ ዕቃዎችን እንደገና እንደሚሠራ ማስታወቁ፣ የአሮጌ መኪና ገበያ እንዳልሞተ ያሳያል። በሱቅ ውስጥም ቱቦዎቹ ከፀሐይና ከዘይት ርቀው፣ ሳይታጠፉና ሳይጫኑ ይቀመጣሉ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይሸጣል። በበር ላይ በሚስማር ተሰቅለው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታቸው ግን ለማስታወቂያ ካልሆነ በቀር ለሽያጭ መቅረብ የለባቸውም።