ያሱኒ፦ ከመሬት በታች እንዲቀር የተወሰነበት ነዳጅ

የያሱኒ ብሔራዊ ፓርክ በምሥራቅ ኢኳዶር፣ በአማዞን ደን ውስጥ ይገኛል። ስፋቱ 10,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1979 ተከለለ፤ በ1989 ደግሞ ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበው። በአንድ ሄክታር ላይ ብቻ ከ600 የሚበልጡ የዛፍ ዝርያዎች ተቆጥረውበታል። ከውጭው ዓለም ጋር ላለመገናኘት የመረጡት ታጋኤሪና ታሮሜናኔ የተባሉ ነባር ሕዝቦች የሚኖሩትም በዚሁ ደን ነው። ከውጭ የሚመጣን በሽታ ሰውነታቸው ስለማያውቀው ተራ ጉንፋን እንኳ ሊፈጃቸው ይችላል።

ኢኳዶር ከ1972 ጀምሮ ከአማዞን ክልሏ የሚወጣ ድፍድፍ ነዳጅ ለውጭ ገበያ ታቀርባለች፤ የመንግሥት በጀትም በዚህ ገቢ ላይ ተደግፎ ኖሯል። ከፓርኩ ሥር፣ ኢሽፒንጎ፣ ታምቦኮቻና ቲፑቲኒ በተባሉት መስኮች፣ 846 ሚሊዮን በርሜል ያህል ነዳጅ እንዳለ ተገምቷል።

በ2007 ፕሬዚዳንት ራፋኤል ኮሬያ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እስከዚያ ያልተሞከረ ሐሳብ አቀረቡ። ኢኳዶር ነዳጁን ሳትነካ ትተወዋለች፤ ሌላው ዓለም ደግሞ ከምታጣው ገቢ ግማሽ ያህሉን ያዋጣል። መዋጮው በኋላ 3.6 ቢሊዮን ዶላር እንዲሆን ተሰላ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነበር፤ የደኑ ጥቅም ለሁሉም ከሆነ ድሃ አገር ዋጋውን ብቻዋን የምትከፍልበት ምክንያት የለም። ይሁን እንጂ እስከ 2013 ወደ መዋጮው ፈንድ የገባው 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። ስለ አየር ንብረት አብዝተው የሚናገሩት ሀብታም አገሮች እጃቸውን ሰበሰቡ። የኢኳዶር መንግሥትም ገንዘቡ ካልመጣ እንደሚቆፍር ከመጀመሪያው ማሳወቁ የለጋሾችን እምነት ሸርሽሯል። በነሐሴ 2013 ኮሬያ ዕቅዱን ሰረዙ።

ቁፋሮውን የፈቀደው ሕጋዊ ቀዳዳ ከሕገ መንግሥቱ የወጣ ነው። በ2008 የጸደቀው ይህ ሰነድ ለተፈጥሮ መብት በመስጠት ከዓለም የመጀመሪያው ነው። አንቀጽ 407 በጥብቅ ሥፍራዎች ነዳጅ ማውጣትን ይከለክላል፤ ነገር ግን ፕሬዚዳንቱ ሲጠይቁና ብሔራዊ ምክር ቤቱ ለአገር ጥቅም ነው ብሎ ሲያውጅ ክልከላው ይነሳል። ምክር ቤቱ በ2013 ይህንኑ አደረገ፤ በ2016 ምርት ተጀመረ።

ያሱኒዶስ የተባለው የወጣቶች ንቅናቄ ሕዝበ ውሳኔ እንዲካሄድ ከ700,000 በላይ ፊርማ ቢያሰባስብም የምርጫ ምክር ቤቱ በ2014 አብዛኛውን ውድቅ አደረገው። ሙግቱ ዓመታት ፈጀ። በ2023 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ጥያቄው ለሕዝብ እንዲቀርብ ፈቀደ፤ ነሐሴ 20 ቀን በተሰጠው ድምፅ 59 በመቶ ያህሉ መራጭ ነዳጁ ከመሬት በታች እንዲቀር ወሰነ። ፓርኩ በሚገኝበት በኦሬላና ግዛት ግን ብልጫ ያገኘው ተቃራኒው ድምፅ ነው። በዚያ ነዳጅ ማለት ሥራ፣ መንገድና ጤና ጣቢያ ነው፤ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የዋኦራኒ ማኅበረሰቦችም በጉዳዩ ተከፋፍለዋል። ይህን ሁሉ የማጣት ስጋታቸውን ችላ ማለት በደል ይሆናል።

አፈጻጸሙ አዝጋሚ ነው። ምርቱ እንዲቆም ፍርድ ቤቱ የሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ሲሆን መስኩ በወቅቱ በቀን 55,000 በርሜል ገደማ ያመርት ነበር። በነሐሴ 2024 ከ240 በላይ ከሆኑት ጉድጓዶች የመጀመሪያው ተዘጋ፤ መንግሥት ቀሪውን ለመዝጋት እስከ 2029 ጊዜ እንደሚያስፈልገው አስታወቀ። በመጋቢት 2025 ይፋ የሆነው የኢንተር አሜሪካ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ውሳኔ ኢኳዶር የታጋኤሪና የታሮሜናኔን መብት እንደጣሰች ገልጾ፣ የሕዝቡ ውሳኔ በተግባር እንዲውል አዟል።